የቬትናም ወጣቶችና ሥራ አጥነት፦ «2 በመቶ» የሚደብቀው ምንድን ነው? የትኛውስ መፍትሔ ይሠራል?

ቆጣሪው (ክሩን የከፈተው)

ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቬትናም አጠቃላይ የሥራ አጥነት መጠን በ2023 2.28 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ 2.24 በመቶ ነበር። ይህን ብቻ ያየ ሰው «አገሪቱ ችግሩን ጨርሳዋለች» ቢል አይፈረድበትም። ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ለብቻ ስናወጣቸው ግን መጠኑ በ2023 ወደ 7.6 በመቶ ይወጣል፤ ከአጠቃላዩ ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከተማ ላይ ደግሞ ከገጠሩ ይብሳል።

አቆጣጠሩንም ማየት ያስፈልጋል። ጥናቱ በሚመለከተው ሳምንት ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ዓለም አቀፍ መለኪያ ስለሆነ ቬትናም የሸሸገችው ነገር የለም። ከ2021 ጀምሮ ግን አዲሱን መለኪያ ስለተከተለች፣ ለቤተሰቡ ቀለብ ብቻ የሚያርስ ሰው ከሠራተኛው ኃይል ቁጥር ወጥቷል። የድሮውንና የአሁኑን ሰንጠረዥ ሳያስተካክሉ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል።

ከሠራተኛው ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ያለው ኢመደበኛ ሥራ ላይ ነው። መድን የሌለው ወጣት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም፤ ሞተር ሳይክል ይዞ ሰው ያመላልሳል፣ መንገድ ዳር ምግብ ይሸጣል፣ በዚያው ከሥራ አጦች መዝገብ ይወጣል። በሌላ በኩል ከዚሁ የዕድሜ ክልል ከ10 በመቶ የሚበልጠው፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወጣት፣ አይማርም፣ አይሠለጥንም፣ አይሠራም። 7.6 በመቶው የሚይዘው ሥራ እየዞረ የሚፈልገውን ብቻ ስለሆነ ተስፋ የቆረጠው አይታይበትም። ለእኔ ዋናው ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚለው ነው።

ጥያቄዬ፦ ከተሞከሩት መፍትሔዎች ውስጥ *የመጀመሪያ* ሥራውን ለሚፈልግ ልጅ በእርግጥ የሚደርሰው የትኛው ነው?

---

ሕገ_ሥራ

ቆጣሪው፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የጀመርከው። ከሥራ አጥነት መድኑ ልነሳ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ቬትናም መድን አላት» ብሎ እዚያው ያቆማል።

መድኑ ከጥር 2009 ጀምሮ ይሠራል። ሠራተኛው ከደመወዙ 1 በመቶ፣ አሠሪው 1 በመቶ ያዋጣሉ፤ መንግሥት እስከ 1 በመቶ ይደጉማል። ክፍያው የመጨረሻዎቹ 6 ወራት አማካይ ደመወዝ 60 በመቶ ነው። ከ12 እስከ 36 ወር ያዋጣ ሰው 3 ወር ይከፈለዋል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 12 ወር አንድ ወር ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 12 ወር ነው። ማመልከቻው ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት።

አሁን ይህን ወደ ወጣቱ አምጡት። መደበኛ ውል የያዘ ሠራተኛ መብቱን የሚያገኘው ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ባሉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር ካዋጣ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ምንም አላዋጣም፤ ምንም አያገኝም። ስድስት ወር ሠርቶ ትዕዛዝ ቀነሰ ተብሎ የተሰናበተውም እንደዚያው።

ሁለተኛው ቀዳዳ የደመወዙ አመዘጋገብ ነው። በማኅበራዊ ዋስትናው ሁሉ ሲደመር ከሠራተኛው 10.5 በመቶ፣ ከአሠሪው 21.5 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ ብዙ ድርጅት የሚያስመዘግበው ዝቅተኛውን ደመወዝ ተጠግቶ ነው፤ ቀሪው በትርፍ ሰዓትና በአበል ስም ይከፈላል። በሐምሌ 2024 የወጣው ዝቅተኛ ደመወዝ በአንደኛው ክልል (ሐኖይ፣ ሆ ቺ ሚን ከተማና የመሳሰሉት) 4,960,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ነበር። 5,300,000 ተመዝግቦለት ከትርፍ ሰዓት ጋር 9,000,000 ይወስድ የነበረ ልጅ ሥራ ሲያጣ የሚደርሰው 3,180,000 ነው። የለመደው ገቢ ሲሶ ብቻ። በዚህ የቤት ኪራይ ከፍሎ ሌላ ሥራ መፈለግ አይሆንለትም፤ ወደ ገጠር ይመለሳል ወይም ያገኘውን ይይዛል።

---

ማሂ_ስፌት

@ሕገ_ሥራ በሥራ ሕጉ ማሻሻያ የተለወጠ ነገር የለም እንዴ? ጀማሪውን የሚያስገባ አንቀጽ እንዳለ ሰምቻለሁ።

---

ሕገ_ሥራ

አለ፣ ግን ግማሽ መንገድ ነው የሄደው እህቴ። በሰኔ 2025 የጸደቀው የሥራ ስምሪት ሕግ ከጥር 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በፊት ግዴታው የ3 ወርና ከዚያ በላይ ውል ላለው ነበር፤ አሁን የ1 ወር ውል ያለውም ይገባል። ወጣቱ አጫጭር ውል ስለሚፈርም ይህ ይጠቅመዋል፤ መዋጮው ቶሎ መቆጠር ይጀምራል። አንድም ቀን ተቀጥሮ የማያውቀው ግን አሁንም ከመድኑ ውጭ ነው።

ሌላው ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባው የሙከራ ጊዜ ነው። በ2019ኙ የሥራ ሕግ ኮሌጅና ከዚያ በላይ ለሚጠይቅ ሥራ ቢበዛ 60 ቀን፣ የመካከለኛ ሙያ ለሚጠይቅ 30 ቀን፣ ለሌላው ሁሉ 6 የሥራ ቀን ነው። ክፍያው ከሥራው ደመወዝ ከ85 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ለአንድ ሥራ ሙከራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሠሪ የመታወቂያ ወይም የዲፕሎማ ዋናውን ይዞ ማስቀረት አይችልም፤ የዋስትና ገንዘብም መጠየቅ አይችልም። «ለዩኒፎርም»፣ «ለመመዝገቢያ» ተብሎ ገንዘብ የተጠየቀ ልጅ ያለው ደላላ ፊት እንጂ አሠሪ ፊት አይደለም።

---

ደሴ_ቴክኒክ

መፍትሔው ያለው ሙያ ትምህርት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ቬትናም እዚያም የተሰናከለችበት ቦታ አለ።

ከሠራተኛው ኃይል ዲግሪ ወይም የሙያ ምስክር ወረቀት ያለው ከ100 ሰው 28 ገደማ ነው። መንግሥት በ2018 ባወጣው ውሳኔ 9ኛ ክፍልን ከጨረሱት ተማሪዎች በ2025 ቢያንስ 40 በመቶው ወደ ሙያ እንዲሄዱ ግብ ጣለ። «9+» የሚባለው መንገድ ነው፤ ተማሪው ከ9ኛ ክፍል በኋላ ሙያውንና አጠቃላይ ትምህርቱን ጎን ለጎን ይማራል፣ የሙያው ክፍያ ነጻ ነው።

የት ነው የሚሰናከለው? አንደኛ፣ ልጁ ሲመረቅ ገና 17 ወይም 18 ዓመቱ ነው። ሕጉ ከ18 በታች ያለን ሰው ከከባድና አደገኛ ሥራ ይከለክላል፤ ሰዓቱንም በሳምንት 40 ላይ ይገድባል። ብየዳና ብረታ ብረት የተማረው ልጅ ተመርቆ የሚቀጥረው ሳያገኝ ወራት ያልፋሉ። እጁም ይዝላል፣ ስልክ ይዞ ለመላላኪያ ሥራ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወደ ሙያው መመለስ ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ የወርክሾፑ ማሽን ያረጀ ከሆነ ፋብሪካው ከዜሮ ያስተምረዋል። ፋብሪካውም «እንዲህ ከሆነ 12ኛ ክፍል የጨረሰውን ልቅጠርና ራሴ ላሠልጥን» ይላል። ሦስተኛ፣ ወላጆች። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ የወደቀ ተደርጎ ይታያል፤ ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

በትክክል የሚሠራ ናሙና በደቡብ ቬትናም፣ ዶንግ ናይ፣ ሎንግ ታን ያለው ሊላማ 2 ኮሌጅ ነው። በጀርመን ድጋፍ የጥምር ሥልጠናን (በኮሌጅም በፋብሪካም የሚሰጥ ትምህርት) አሠራር ይከተላል፤ ሜካትሮኒክስ (መካኒክና ኤሌክትሮኒክስ የተጣመሩበት)፣ የብረት ቆረጣ፣ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሮኒክስ ይሰጣል። እንዲህ ዓይነት ሥልጠና እንዲሠራ በቅደም ተከተል መሟላት ያለበት ይህ ነው፦ ፋብሪካው ሥርዓተ ትምህርቱ ሲጻፍ ጀምሮ መኖር አለበት፤ ተማሪው ፋብሪካ ሲገባ ውል መያዝ አለበት፤ ፋብሪካ ውስጥ ማስተማር የሠለጠነ አለማማጅ ሊኖር ይገባል፤ የማጠቃለያ ፈተናው ላይ ከፋብሪካው የመጣ ሰው ይፈትናል። ሦስተኛው ከጎደለ ተማሪው ሳጥን እየተሸከመ ይመለሳል። ብዙ ቦታ «ልምምድ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ትዕዛዝ በበዛበት ወር ርካሽ እጅ መሙያ።

አስተዳደሩንም ልጨምር። ከመጋቢት 2025 በፊት የሙያ ሥልጠናም የሥራ ስምሪትም በአንድ ሚኒስቴር ሥር ነበሩ። ያ ሚኒስቴር ሲታጠፍ ሥልጠናው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ስምሪቱ ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደ። ኮሌጁና የሥራ ፈላጊው መዝገብ አሁን ሆድና ጀርባ እንዳይሆኑ እሰጋለሁ።

---

ባክ_ኒን_መስመር

ደሴ፣ የፋብሪካውን ወገን ላምጣ። በሰሜን ቬትናም፣ ባክ ኒንና ታይ ንጉየን ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች የሚቀጥሩት ባብዛኛው ገና ከ20ዎቹ ያልዘለሉ ወጣቶችን ነው፤ ሙያ አይጠይቁም። ዓይን፣ ቀልጣፋ ጣትና ለረጅም ሰዓት መቆም ይጠይቃሉ። መስመሩ ላይ የሚሠራው አንዲት እንቅስቃሴ ነው፤ ብሎን ማጥበቅ፣ ስክሪን መለጠፍ፣ በካሜራ መፈተሽ። ሁለት ዓመት ሠርቶ የወጣ ልጅ ሌላ ቦታ የሚያሳየው ሙያ የለውም።

ትዕዛዝ ሲቀንስ የመጀመሪያው ምልክት ስንብት ሳይሆን የትርፍ ሰዓት መጥፋት ነው። በ2022 ጣሪያው በወር ወደ 60፣ በዓመት ወደ 300 ሰዓት ከፍ ብሏል፤ ማለትም የብዙ ወጣት ኑሮ የቆመው በትርፍ ሰዓት ላይ ነው። እሱ ሲጠፋ ልጁ ራሱ ይለቃል፤ ድርጅቱም ያሰናበተው ሰው የለም። በ2022 መጨረሻና በ2023 በልብስና በጫማ ፋብሪካዎች ይህ በስፋት ታይቷል። በኮቪድ ጊዜማ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ 2021 ብቻ ወደ 1.3 ሚሊዮን ሰው ከከተማ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሷል።

ስለዚህ «ፋብሪካ ይምጣ» ብቻውን መልስ አይሆንም። ፋብሪካው ሲመጣ ጥያቄው፦ ከመስመር ሠራተኛ ወደ ማሽን አስተካካይ፣ ከዚያ ወደ ጥገና ቴክኒሻን የሚያወጣ ደረጃ አለው ወይ? በፈረቃ የሚሠራ ሰው የማታ ትምህርት መከታተል አይችልም፤ ፈረቃው በየሳምንቱ ይገለበጣል። መፍትሔው ሥልጠናውን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በፈረቃ መለወጫ ሰዓት፣ በአጫጭር ሞጁል መስጠት ነው።

---

ሰላም_ኢንጂነር

እኔ በዚህ አልስማማም። ሁሉን ነገር ወደ ሙያና ወደ መስመር ካወረድነው ቬትናም የመካከለኛ ገቢ ወጥመድ ውስጥ ትቀራለች። በመስከረም 2024 የወጣው ፕሮግራም እስከ 2030 ቢያንስ 50,000 የሴሚኮንዳክተር (ቺፕ) ባለሙያ ለማውጣት ነው፤ 15,000ው ለዲዛይን፣ 35,000ው ለማምረት፣ ለማሸግና ለፍተሻ። ከቺፕ ኩባንያዎቹ ኢንቴል ሆ ቺ ሚን ከተማ አለ፣ አምኮር በ2023 ባክ ኒን ላይ ከፍቷል። ወጣቱን ወደዚያ መግፋት ነው።

---

ቆጣሪው

ሰላም፣ ለኢኮኖሚው ትክክል ነሽ፤ ለዚህ ክር ግን ሒሳቡ አይመጣም። 50,000 በስድስት ዓመት ነው፤ ከትምህርትም ከሥራም ውጭ ያለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ። በዚያ ላይ ለቺፕ ዲዛይን የሚመለመለው ልጅ በሒሳብና በፊዚክስ የላቀው፣ ያለዚያም ሥራ የሚያገኘው ነው። ፕሮግራሙ ይቀጥል፤ የሥራ አጥነት መፍትሔ ተብሎ ግን አይቆጠር።

---

የባሕር_ማዶ

ማንም ያላነሳው ትልቁ የመተንፈሻ ቀዳዳ የውጭ አገር ሥራ ነው። በ2023ም በ2024ም በየዓመቱ ከ150,000 በላይ ሠራተኛ በውል ወጥቷል፤ በብዛት ወደ ጃፓን፣ ታይዋንና ደቡብ ኮሪያ። ንጌ አን፣ ታን ሆዋና ሃ ቲን የሚባሉት ክፍለ አገሮች ዋነኞቹ ላኪዎች ናቸው። በጃፓን ካሉ የውጭ ሠራተኞች ትልቁ ቡድን ቬትናማውያን ናቸው፤ በ2023 ከ500,000 በላይ ነበሩ።

ችግሩ ዕዳው ነው። የጃፓን የኢሚግሬሽን አገልግሎት በ2022 ባወጣው ጥናት በጃፓን የሥራ ልምምድ ፕሮግራም የሚሄዱ የቬትናም ሠልጣኞች ከመውጣታቸው በፊት በአማካይ ወደ 688,000 የን ከፍለዋል፤ የፊሊፒንስ ሠልጣኞች ግን ወደ 154,000 ብቻ። የሚሄዱበት አገር አንድ፣ ፕሮግራሙ አንድ። ልዩነቱን የሚፈጥረው በመንደሩና በፈቃድ ባለቤቱ ድርጅት መካከል የተሰገሰገው የደላላ ሰንሰለት ነው። በዕዳ የሄደ ልጅ አሠሪው ቢበድለውም ዝም ይላል፤ ዕዳው ሳይከፈል ውሉ ሲያልቅ ደግሞ ይጠፋና ያለ ፈቃድ ይሠራል።

ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ከሠራተኛው የድለላ ክፍያ መቀበልን ከልክሏል። የአገልግሎት ክፍያው ለ12 ወር ሥራ ከአንድ ወር ደመወዝ፣ ለ36 ወርና ከዚያ በላይ ደግሞ ከሦስት ወር ደመወዝ አይበልጥም። ላኪ ድርጅት ቢያንስ 5 ቢሊዮን ዶንግ ካፒታልና 2 ቢሊዮን ዶንግ ማስያዣ ሊኖረው ይገባል። ማጣራት የሚፈልግ ወጣት የድርጅቱን ስም መንግሥት ከሚያወጣው የፈቃድ ዝርዝር ላይ ይፈልግ፤ ቀጥሎ ያ *የተወሰነ ውል* መመዝገቡን ይጠይቅ፤ ገንዘቡን በድርጅቱ ሒሳብ ከፍሎ ደረሰኝ ይያዝ፣ በሰው እጅ በፍጹም።

የኮሪያው መንገድ ንጹሑ ነው፤ በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ስለሆነ የግል ላኪ የለበትም። በኮሪያ ቋንቋ ፈተና ይመረጣሉ፤ ለመመለሳቸው ዋስትና 100 ሚሊዮን ዶንግ በማኅበራዊ ፖሊሲ ባንክ (የመንግሥት ባንክ ነው) ያስይዛሉ። ማነቆው ኮታው ነው፤ ተፈታኙ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት።

ሕጋዊው በር ሲጠብ የሚሆነውን ዓለም በጥቅምት 2019 እንግሊዝ፣ ኤሴክስ ውስጥ አይቷል። በማቀዝቀዣ ተሳቢ ውስጥ 39 ቬትናማውያን ሞተው ተገኙ። ብዙዎቹ የንጌ አንና የሃ ቲን ልጆች ነበሩ።

---

ራሄል_ዲሲ

በዚህ ላይ «ቀላል ሥራ፣ ከፍተኛ ደመወዝ» የሚለውን የካምቦዲያ ማስታወቂያ ጨምሩበት። ነሐሴ 2022 ላይ ወደ 40 የሚሆኑ ቬትናማውያን ከታገቱበት ካዚኖ አምልጠው ወንዝ በዋና ተሻግረው ቬትናም፣ አን ዣንግ ገብተዋል። የሚያሳዝነው የእኛ ልጆችም እዚሁ መረብ ውስጥ መሆናቸው ነው፤ በ2025 መጀመሪያ ከምያንማር ድንበር የማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበሩ።

ምልክቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ የሥራው ስም ድፍን ነው («ኮምፒውተር ላይ መጻፍ»፣ «ደንበኛ ማስተናገድ»)፤ የኩባንያው አድራሻ የለም፤ የአውሮፕላን ትኬቱን ራሳቸው ይችላሉ፤ ቪዛው የጉብኝት ነው፤ ንግግሩ በሙሉ በስልክ መተግበሪያ ነው። የጉብኝት ቪዛና «ሥራ» አንድ ላይ ከተጠሩ አለመሄድ ነው፤ ሌላ ማጣራት አያስፈልገውም።

---

ገበሬው_ልጅ

ብድርስ? ወጣቱ የራሱን ቢጀምር?

---

ቆጣሪው

አለ። በ2019 በወጣው ደንብ የማኅበራዊ ፖሊሲ ባንኩ ለግለሰብ እስከ 100 ሚሊዮን ዶንግ፣ ቢበዛ ለ120 ወር፣ ለድህነት በተጠጋ ቤተሰብ የወለድ መጠን ያበድር ነበር። አሠራሩ በመንደር የቁጠባና ብድር ቡድን በኩል ነው፤ የቀበሌው አስተዳደር ያረጋግጣል፣ ባንኩ ይለቃል። የሴቶች፣ የገበሬዎችና የወጣቶች ማኅበራት ስለሚከታተሉት አመላለሱ ጥሩ ነው።

ደካማ ጎኑ፦ ቡድኑ የሚያውቀውን ሥራ ነው የሚያጸድቀው። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ አሳማ፣ መንደሩ ሁሉ ዶሮ ይሆናል። በ2019 የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ሲገባ ወደ 6 ሚሊዮን አሳማ ተወገደ፤ በብድር ያረባ ወጣት ከብቱም ሄደ፣ ዕዳውም ቀረ። «አንድ ቀበሌ አንድ ምርት» የሚለው ከ2018 ጀምሮ የሚካሄደው ፕሮግራም ከዚህ ይሻላል፤ ምርቱን በኮከብ ደረጃ ስለሚመዝንና ማሸጊያና ገበያ ላይ ስለሚያተኩር። ከትምህርት ለወጣ የ19 ዓመት ልጅ ግን ብድር ከሥራ ልምድ በኋላ ቢመጣ ይመረጣል።

---

ማሂ_ስፌት

ታዲያ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ምረጡ ብትባሉ? ሁሉም ቦታ ቀዳዳ እያሳያችሁን ነው።

---

ሕገ_ሥራ

ተገቢ ጥያቄ ነው። የኔ ምርጫ ለመጀመሪያ መደበኛ ውል ከመድን ፈንዱ ለአሠሪው የሚከፈል የደመወዝ ድጎማ ነው። ሒሳቡን ላስቀምጥ። ድጎማው የአንደኛው ክልል ዝቅተኛ ደመወዝ 30 በመቶ ይሁን ቢባል፣ በሐምሌ 2024ቱ ልክ 1,488,000 ዶንግ ይሆናል፤ ለ6 ወር 8,928,000። በ2021 በወጣው ውሳኔ የመድን ፈንዱ ሥራ ላጣ ሰው ለሥልጠና የሚከፍለው በወር እስከ 1,500,000፣ ለ6 ወር 9,000,000 ነበር። ማለትም ለነባር ሠራተኛ የሚወጣውን ያህል ነው ለጀማሪው የምንጠይቀው።

እንዲህ ያለ ድጎማ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ድርጅቱ ነባሩን አሰናብቶ ድጎማ ያለውን ይቀጥራል፤ ስለዚህ በማኅበራዊ ዋስትና የተመዘገበው የሠራተኛ ብዛት ካለፉት 12 ወራት አማካይ ከወረደ ክፍያ የለም። በ6ኛው ወር ማግስት ያሰናብታል፤ ስለዚህ ግማሹ በ6ኛው፣ ግማሹ ልጁ እዚያው መኖሩ ሲረጋገጥ በ12ኛው ወር ይለቀቃል። በ12ኛው ወር ላይ ልጁ የመድኑን መሥፈርት ያሟላል፤ በኋላ ሥራ ቢያጣም የ3 ወር ክፍያ አለው። ይህን ሁሉ የሚያረጋግጠው አሁን ያለው የማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ ነው፤ አዲስ ቢሮ አያስፈልግም።

---

ባክ_ኒን_መስመር

አንድ ጨምርበት፦ በሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት በኩል የሚገባውን ምን ታደርገዋለህ? ባክ ኒን ላይ ብዙው ጀማሪ የሚገባው በዚያ ነው። አቅራቢው ድጎማውን ይወስድና በየሦስት ወሩ ልጁን ከፋብሪካ ፋብሪካ ያዛውረዋል። የነባሮቹ መዋጮ ለጀማሪ ሲውልስ ቅሬታ አያመጣም?

---

ሕገ_ሥራ

አቅራቢው ከድጎማው ውጭ ይሁን፤ የሚከፈለው ፋብሪካው በቀጥታ ለፈረመው ውል ብቻ ነው። እንዲያውም ፋብሪካው ከአቅራቢው ወስዶ በቀጥታ ሲቀጥረው ድጎማው ይጀምር፤ ያኔ ልጁን ወደ ቋሚ ውል የማሻገር ጥቅም ለፋብሪካው ይኖረዋል። ምንጩን በተመለከተ፣ ከሠራተኛው 1 በመቶ ላይ አይነካ። መንግሥት «እስከ 1 በመቶ» ብሎ ከገባው ድርሻ ላይ በጀት ተለይቶ ይያዝለት፤ በፈንዱ ሒሳብ ውስጥም ለብቻው መስመር ይከፈትለት።